«ኢንተላ ኮ» የሚሏት እሷን ነበር

አምቦ ዳር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ በተንከባካቢነት የተቀጠርኩት ከኮሮናው ዓመት በኋላ ነው። ግቢው ውስጥ ሁለት ቤት አለ። ከፊት ያለው አዲሱ ቤት ፀሐይ ይገባዋል፤ በዱላም ቢሆን ቆመው የሚሄዱ አረጋውያን ይኖሩበታል። ጓሮ በኩል ያለው አሮጌው ቤት ከአልጋ የማይነሱት የሚተኙበት ነው። ለእኔ ከአንዲት ነባር ሠራተኛ ጋር አሮጌው ደረሰኝ። አዲሱ የደረሰው ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ለተቀጠረች፣ ከእጃጂ ለመጣች ልጅ ነው።

መቅናት የጀመርኩት ሳልውል ሳላድር ነው። ጠዋት አንዷን አጥቤ፣ አንሶላዋን ቀይሬ ወደምትቀጥለው ስዞር ያጠብኳት መልሳ ታረጥበዋለች። ለአንዷ ገንፎ ሳጎርስ የሌላዋ ይቀዘቅዛል። ባልደረባዬ ግን ረፋዱ ላይ ሥራዋን አጠናቃ በረንዳው ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፀሐይ ትሞቃለች። የቤተ ክርስቲያኗን መዝሙር በኦሮምኛ ስታንጎራጉር እኔ ያለሁበት ድረስ ይሰማል። ድምጿ ያምራል። ማማሩ ደግሞ ይብስ አበሸቀኝ።

ከማስታምማቸው ውስጥ አንዲት ከካቺሲ የመጡ እናት ነበሩ። ግማሽ ጎናቸውን ስትሮክ መትቷቸዋል፤ አፋቸው ግን ደህና ነበር። በደህናው ዘመናቸው ቅቤ ነጋዴ ነበሩና ሰው መመዘን ያውቁበታል። እኛ ቤት የሚነገረው አማርኛ ቢሆንም ኦሮምኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ለምጄዋለሁ። ስለዚህ ጠዋት ስገባ «አከም ቡልተኒ፣ አዴ» እላቸዋለሁ፤ እንዴት አደሩ ማለቴ ነው። ይመልሱልኛል፤ ወዲያው ግን ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሳጥባቸውም፣ ሳገላብጣቸውም፣ ልብሳቸውን ስቀይርላቸውም እንደጨፈኑ ነው። አንድ ቀን ብቻ እጄ እንደሚቸኩል ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከጎናቸው ያለችው እየጠራችኝ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ባልደረባዬ ወደ እኛ ብቅ ትላለች። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሰለለ እጃቸውን ቫዝሊን ትቀባላቸዋለች፤ ፀጉራቸውን ቀስ ብላ ታበጥርላቸዋለች፤ የገበያ ወሬያቸውን ትሰማለች። እሷ ስትመጣ ዓይናቸው ይከፈታል። «ኢንተላ ኮ» ይሏታል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔን ለሌላ ሰው ሲያነሱኝ «ሆጄቱ» ነው የሚሉኝ፣ ሠራተኛዋ። ቆሻሻቸውን የማነሳው እኔ፣ ልጅ የምትባለው እሷ። ባልዲዬን ይዤ በአጠገባቸው ሳልፍ እርምጃዬን አፈጥናለሁ። እሷ ደግሞ ቀና ብላ ልርዳሽ ወይ ትለኛለች። አያስፈልግም እላታለሁ።

ክረምቱ ሲገባ በአሮጌው ቤት አብራኝ ትሠራ የነበረችው ሴት ወደ ዓረብ አገር ሄደች። ሰው እስኪቀጠር ተብሎ የእሷም አልጋዎች ወደ እኔ ዞሩ። ሰው ግን አልተቀጠረም። የካቺሲዋን እናት በሰዓቱ ላገላብጣቸው ያልቻልኩት ያን ጊዜ ነው። ወገባቸው ላይ ቆዳቸው ቀላ፣ ቀጥሎ ተላጠ፣ ከዚያ ቁስል ሆነ። ነርሷ ስታየው ነገሩ ለአስተባባሪው ደረሰና ሁላችንም ለስብሰባ ተጠራን።

አስተባባሪው ኦቦ እያልን የምናከብራቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስለ ቁስሉ በለሰለሰ አንደበት ገሠጹኝ። ከዚያ ወደ ባልደረባዬ ዞር ብለው የእሷን ቤት ንጽሕና አመሰገኑ፤ ከእሷ ብንማር መልካም እንደሆነም ተናገሩ። እሷ አንገቷን ደፋች። እኔ ፊቴ ነደደ፤ የሄደችው ሴት አልጋዎች በእኔ ላይ እንደተደረቡ ተናገርኩ። እሳቸው ግን አልጋውን እኩል እንዳካፈሉን አስረዱኝ፤ ለካ በእሳቸው ወረቀት ላይ አሮጌው ቤት አሁንም ሁለት ሠራተኛ አለው።

«አልጋው እኩል ቢሆን እንኳ ሰዎቹ እኩል አይደሉም፣ ኦቦ» አልኩ። «የእሷዎቹ ተነስተው ሽንት ቤት ይሄዳሉ። የእኔዎቹን ጎናቸውን የማዞርላቸው እኔ ነኝ። አንዷን ሳዞር ሌላዋ ትጠብቃለች፣ ስትጠብቅ ትቆስላለች። ካላመናችሁኝ ቀይሩን።»

ቀየሩን። የጠየቅሁት ለፍትሕ ብቻ አልነበረም፤ እሷ ላብ በላብ ሆና፣ መዝሙሩ ጠፍቶባት ማየት አምሮኝ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ የካቺሲዋ እናት እሷንም «ሆጄቱ» ሲሏት መስማት ፈልጌ ነበር።

አዲሱ ቤት ገብቼ ጠዋት ሥራ ጀመርኩ፤ ረፋዱ ላይ የሚጠራኝ ጠፋ። ግራ ገብቶኝ የተጠረገውን ወለል ደግሜ ጠረግሁ። በፊት የጭልሞ ደን ጠባቂ የነበሩ አንድ አዛውንት እረፍት እንድወስድ ነገሩኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ የእግር ጥፍራቸውን ቆረጥኩላቸው። ስለ ጥድና ስለ ወይራ፣ ስለ ጉሬዛ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ሲጨርሱ እጄን ይዘው መረቁኝ። ለካ እጄ ቀስ ማለትም ይችላል። ደስታዬ ግን ወዲያው ወደ ንዴት ተለወጠ፤ እሷ ይህን ሁሉ ወር እንዲህ ስትኖር ነበር ብዬ አሰብኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ቀስ ብዬ ወደ አሮጌው ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። መዝሙር የለም። ሻሿ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ፣ በአንድ እጇ አንሶላ፣ በሌላው ባልዲ ይዛ ከአልጋ ወደ አልጋ ትሮጣለች። የካቺሲዋን እናት ስታገላብጥ እንደ እኔው ቸኩላ ገፋቻቸው። «ሆጄቱ» የሚለውን ቃል ለመስማት ጆሮዬን አቀናሁ።

«ኢንተላ ኮ፣ ደክሞሻል፤ ትንሽ ተቀመጪ» አሏት በኦሮምኛቸው።

እሷ አልተቀመጠችም፤ ጊዜ የት አላት? እኔ ግን በሩን ይዤ ቀረሁ። በዚያ ቤት ውስጥ ስደክም ከረምኩ፤ ተቀመጪ ያለኝ አልነበረም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሳልጠብቃት ባልደረባዬ እጇን አወጣች። ስታለቅስ እንዳደረች ዓይኗ ይናገራል። «አሮጌውን ቤት አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም» አለች። «እኔ ወደ አዲሱ ቤት ብመለስ እዚያ የምትቀረው እሷ ናት። ከባዱንም ቀላሉንም ደባልቃችሁ ስጡን፤ ስናነሳቸውም ሁለት ሆነን እናንሳ።» አስተባባሪው እያዳመጡ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ለእኔ የቆመችልኝ እሷ ሆና ሳለ ልደሰት አልቻልኩም። እኔ ባለፈው ስብሰባ የጮህኩበት ነገር የተሰማው ከእሷ አፍ ሲወጣ ነው።

ቢሆንም ነገሩ ተስተካከለ። ከጊንጪ አንዲት ሴት ተቀጠረች። ከዚያ በኋላ አልጋ መቁጠር ቀረ፤ ማን ይነሳል፣ ማን ይጎርሳል፣ ማን መገላበጥ አለበት እየተባለ ነው የተካፈልነው። የካቺሲዋ እናት ለእኔ ደረሱኝ። ከባልደረባዬ ጋር በአንሶላ ይዘን በሰዓቱ እናዞራቸው ጀመር፤ ቁስሉም ቀስ በቀስ ጠገገ። አሁን እኔም ፀጉራቸውን ማበጠሪያ፣ ወሬያቸውን መስሚያ ጊዜ አገኘሁ። ስለ ቅቤ ገበያ ይነግሩኛል፤ ዓይናቸውንም መጨፈን ትተዋል። ወሬው መሐል ላይ ግን ቀና ብለው ወደ በሩ ያያሉ። «እሷስ ዛሬ አልመጣችም?» ይሉኛል። ትመጣለች እላቸዋለሁ፤ ማበጠሪያው እጄ ውስጥ ይከብደኛል።

በዓመቱ የወንድማቸው ልጅ ቤት ሠርቶ ሊወስዳቸው መጣ። እኔና ባልደረባዬ በግራና በቀኝ ሆነን እስከ መኪናው ተሸከምናቸው። በደህናው እጃቸው የባልደረባዬን አንገት አቅፈው ሳሟት፤ ቆይተው እኔንም ሳሙኝ፤ እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ገላዬ ይበሰብስ ነበር አሉኝ። ለእሷ ምንም ምስጋና አልነገሯትም። ልጅ አይመሰገንማ።

መኪናው ወደ አስፋልቱ ሲወጣ እሷ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ትከሻዋን ይዣት ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበርና አብረን ገባን።