ከየኔታ ደጅ ያደረሰኝ ብስክሌት

ቀኝ ጉልበቴ እንቢ ያለኝ ጥምቀትን አክብረን ከጣና ዳር ስንመለስ ነው። ታቦቱን አጅቤ ስሄድ ድንገት እግሬ አልታዘዝ አለኝና ሰዎች ደግፈው ከአንድ ዛፍ ሥር አስቀመጡኝ። በሳምንቱ ሐኪሙ የአጥንቱን ፎቶ ወደ ብርሃን አንሥቶ እያየ፣ «አባቴ፣ ረጅም መንገድ በእግር መሄድ ከእንግዲህ ይቅርብዎ» አለኝ። ወዲያው ያሰብሁት ስለ ጉልበቴ አልነበረም፤ ስለ የኔታ ነበር።

የኔታ የዜማ መምህሬ ናቸው። የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ከከተማው ወጣ ብላ ሐይቁ ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ፣ በአንዲት ጎጆ ይኖሩ ነበር። በወጣትነቴ ከእሳቸው እግር ሥር ተቀምጬ ስማር አባቴ ዐረፈ፤ እናቴንና ታናናሾቼን ለመርዳት ትምህርቱን አቋርጬ በባሕር ዳር መሥሪያ ቤት ተቀጠርሁ። ጡረታ ስወጣ፣ ጠጉሬ ሸብቶ፣ ተመልሼ ደጃቸው ቆምሁ። ድምፄን ሰምተው ለየት ያለ ነገር አልተናገሩም። «ከተውህበት እንቀጥል» አሉኝና ያን ያቋረጥነውን ዜማ ከዚያችው ካቆምሁባት ቃል ላይ አነሡት። እኔ ረስቼው ነበር።

ጊዜያችን ግን አጭር ነበር። የኔታ ትንሣኤን ካከበሩ በኋላ ሐይቁን ተሻግረው ገዳም ሊገቡ፣ ቀሪ ዕድሜያቸውን በጸሎት ሊፈጽሙ ቆርጠዋል። ከሄዱ አይመለሱም። እስከዚያ ካልጨረስሁ ትምህርቴ ለሁለተኛ ጊዜ፣ ለዘለዓለምም ይቋረጣል። ትምህርቱ ደግሞ ኪዳን እንደ ደረሰ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ የሚጀመር ነው። በዚያ ሰዓት ወደዚያ የሚሄድ ባጃጅ አይገኝም፤ ቢገኝም አሸዋውና ድንጋዩ አያሳልፈውም።

«በብስክሌትስ?» ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። «ብስክሌትማ ይበጅዎታል፤ ክብደትዎን እሱ ይሸከመዋል።»

በጎልማሳነቴ እንደ ብዙው የባሕር ዳር ሠራተኛ በብስክሌት ሥራ ገብቼ እወጣ ነበር፤ ከተማችን ሜዳ ነውና። ስለዚህ ገበያው ዳር ያገለገለ ብስክሌት ወደሚሸጡ አንድ ሐጂ ሱቅ ሄድሁ። ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ እኩያዬ የሚሆኑ ሰው ናቸው።

«ለልጅ ልጅዎ ነው?» አሉኝ።

«ለራሴ ነው፣ ሐጂ።»

ነጠላዬን፣ መቋሚያዬን፣ ከዚያም ጉልበቴን አዩ። «መንገዱ እንዴት ያለ ነው?»

«አሸዋም ድንጋይም አለበት።»

«እንግዲያው ቀጭን ጎማ አይሆንዎትም» ብለው ከጥግ አንድ ማውንቴን ብስክሌት ጎትተው አወጡ። ቀለሙ ተላልጧል፤ መቀመጫው ተቀዶ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ጎማው ግን እንደ አዞ ጀርባ ወጣ ገባ ነው።

«ይህ ሁሉ ጥርስ ለምንድን ነው?» አልሁ ማርሹን እያየሁ።

«ዳገት ሲመጣ ወደ ትልቁ፣ ሜዳ ሲሆን ወደ ትንሹ ይቀይሩታል። በቅሎ እንኳን ይህን አታውቅም።»

«ታዲያ ምን ይበላል?»

«ንፋስ ነዋ! ጠዋት ጠዋት ጎማውን ነፋ ያድርጉለት፤ ገብስ አይጠይቅዎትም።»

ተሳሳቅን። ዋጋው ለጡረተኛ የሚቀመስ ነበር። ልወጣ ስል ከመሳቢያቸው አንድ የዛገ ደወል አውጥተው መሪው ላይ አሰሩልኝ። «ይቺ ምርቃት ናት። ማለዳ የሚሄድ መነኩሴ ቢገጥምዎት ከሩቅ ይስማዎት።»

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሣሁ። ነጠላዬን ካቴናው እንዳይበላው ወገቤ ላይ አጥብቄ አሰርሁ፣ መቋሚያዬን በጀርባዬ አግድም አነገትሁ፣ በስመ ሥላሴ ብዬ አማተብሁና ፔዳሉን ረገጥሁ። መጀመሪያ ወዲያና ወዲህ ዋለልሁ። ከዚያ ሰውነቴ የድሮውን አስታወሰ። ከዘንባባዎቹ ሥር፣ ማንም በሌለበት ጎዳና፣ አየሩ ፊቴን እየዳሰሰ ሄድሁ። ጉልበቴ አላመመኝም። በእግሬ ስሄድ ሁልጊዜ ቁልቁል ነበር የማየው፤ የት እንደምረግጥ እየፈራሁ። አሁን ግን ቀና ብዬ ጣናን አየሁት።

ከዳር እስከ ዳር ዝም ብሎ ተኝቷል። የሰማዩ ንጋት ውኃው ላይ ወርዶ፣ ሰማዩ የትኛው ውኃውም የትኛው እንደሆነ መለየት አልተቻለኝም። አንድ ታንኳ ከብርሃኑ መካከል ወጣች፤ ቀዛፊዋ በአየር ላይ የቆመ ይመስል ነበር። ነጫጭ ይብራዎች ሳይቸኩሉ ከፊቷ ገለል አሉ። በዚህ ከተማ ጎልምሼ አርጅቻለሁ፤ ሐይቁን ዕለት ዕለት አይቼዋለሁ። ሆኖም ያን ጠዋት የፈጠረው እጁን ከላዩ ገና አሁን ያነሣ መሰለኝ። እንባዬ መጣ፤ በነፋሱ ነው ብዬም ራሴን አላታለልሁም።

በቅሎ ላይ እንደ ተቀመጡ በቤተ ክርስቲያን ፊት አይታለፍም፤ ያደግሁበት ሥርዓት ይህ ነው። ለብስክሌት የተለየ ሥርዓት አልሰማሁም። ስለዚህ በየደጁ እየወረድሁ ተሳለምሁ። ባሕር ዳር ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አይጎድላትም። መውረዱ ቀላል ነው፤ ለመውጣት ግን መርገጫ ድንጋይ መፈለግ ነበረብኝ። በሳምንት ውስጥ የእያንዳንዱን ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ እንደ ራሴ ደጃፍ አወቅሁት።

ወደ መምህር ደጅም ተቀምጠው አይደርሱም። ስለዚህ ከቅጽሩ ውጭ ወርጄ ብስክሌቱን ከአንድ ዋርካ ጋር በገመድ ግጥም አድርጌ አሰርሁትና በእግሬ ገባሁ። ይህን ያዩት የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ በሳቅ ፈረሱ።

«ምነው፣ ሣር ፍለጋ ይጠፋል ብለው ነው? ሲቀለብ የሚራገጥ ከሆነም ይንገሩን እንጂ!»

«ቀስ ይበሉ አባቴ፣ የኔታ ይሰማሉ» አልሁ።

እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። ተማሪ ወደ መምህሩ በእግሩ ደክሞ መምጣቱ የትምህርቱ ክፍል ነው ሲባል ኖሯል። የኔታ ቢያዝኑብኝ፣ ተወው ቢሉኝ፣ ትምህርቴ በዚያው አበቃ ማለት ነው። ምንም ሳልናገር ከፊታቸው ተቀመጥሁ። እሳቸው መሩ፣ እኔ ተቀበልሁ። ሁልጊዜ ትንፋሽ የሚያጥረኝ አንድ ረጅም ስፍራ አለ። ያን ዕለት ግን ሳልቆርጥ ተሻገርሁት። የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«ትንፋሽህ ሙሉ ነው። በምን መጣህ?»

መሬት መሬቱን እያየሁ፣ «በብስክሌት፣ የኔታ» አልሁ።

ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። ከዚያም፣ «አምጣው» አሉኝ።

ፈትቼ እየገፋሁ አመጣሁት። ተነሥተው በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፤ መሪውን፣ የተጠቀለለውን መቀመጫ፣ የጎማውን ጥርስ። ወገቡን ይዤ የኋላውን ጎማ ከመሬት ከፍ አደረግሁላቸው። በመዳፋቸው ገፋ አደረጉትና ጆሯቸውን አስጠጉ። ጎማው ዞረ፤ ከመካከሉ ደቃቅ፣ ያልተቋረጠ ድምፅ ይወጣ ነበር። ነቢዩ በወንዝ ዳር ስላየው መንኰራኵር በመጽሐፍ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! የኔታን ጎንበስ ብለው ሲያዳምጡ ሳያቸው ግን፣ እኔ ያላየሁትን እሳቸው ያዩ መሰለኝና ሰውነቴን ነዘረኝ። ቄሱም መሳቃቸውን ትተው ቆመው ነበር።

ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቁ። «ትንፋሽ የሚመልስልህን ነገር ከደጄ ውጭ አታስር» አሉ። «ደወል እንዳለውም ዳስሼ አውቄያለሁ። ስትመጣ ከበሩ ላይ ምታልኝ፤ ልነሣ።»

ከዚያ ወዲያ ዐቢይ ጾሙን በሙሉ ደወሌን ሰምተው እየተነሡ ተቀበሉኝ። ዝናብ ባረጠበው ጭቃ፣ ጉም በሸፈነው መንገድ፣ ያቺ የተላላጠች ብስክሌት አንድ ቀን አላሳፈረችኝም። ዜማውም ቀን በቀን እየተጠጋ ሄደ። በሰሙነ ሕማማት ግን የኔታ በስግደት ደክመው ታመሙ፤ ከትንሣኤ በኋላም ጥቂት ጊዜ ድምፃቸው አልወጣ አለ። የመጨረሻዋ ዜማ ቀረች።

የመሄጃቸው ጠዋት ስደርስ ጎጆዋ ባዶ ነበረች። ቄሱ ወደ ውኃው እያመለከቱ፣ «ቀዛፊው ነፋስ ሳይነሣ እንሻገር ብሎ ቸኮለ፤ ይሩጡ!» አሉኝ። ብስክሌቱን እየገፋሁ ዳር ስደርስ ታንኳዋ ርቃለች። የኔታ በነጭ ጋቢ ተጠቅልለው መካከሏ ላይ ተቀምጠዋል። ደወሉን መታሁ። ፊታቸው ወደ እኔ ዞረ። ቀዛፊውን አንድ ነገር አሉትና ታንኳዋ ወደ ጥልቁ መሄዷን ትታ ዳር ዳሩን ትሄድ ጀመር።

ከዚያ ድምፃቸው መጣ። ቀጭን ነበር፤ ግን ውኃው ዝም ስላለ የዜማው እያንዳንዱ መታጠፊያ ደረሰኝ። የመጨረሻዋን ዜማ መሩልኝ።

ድንጋይ ሳልፈልግ ብስክሌቱ ላይ ወጣሁ። በዳሩ በኩል ከብቶች ውኃ ለመጠጣት ያወጧት ቀጭን መንገድ አለች። ማርሹን ወደ ትልቁ ቀየርሁና በአሸዋው፣ በድንጋዩ፣ በደንገሉ ሥር እየተንገጫገጭሁ ከታንኳዋ ጎን ለጎን ሄድሁ። እሳቸው ይመራሉ፣ እኔ እቀበላለሁ። የተሳሳትሁባትን አንዲት ስፍራ ደገሙልኝ፤ ደግሜ አስተካከልሁ። ፀሐይዋ ከደንገሉ በላይ ብቅ ስትል ውኃው በሙሉ ነደደ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፃቸውን ሰማሁ እንጂ እሳቸውን አላየሁም።

መንገዷ ረግረጉ ላይ አለቀች። የፊት ጎማዬ ውኃ ውስጥ ገብቶ ቆመ። የኔታም መምራታቸውን አቆሙ፤ የቀረው የእኔ ነበር። ዜማዋ ትንፋሽ ያጥረኝ የነበረውን ያን ረጅም ስፍራ የሚመስል መዝጊያ አላት። በሁለት እግሬ ውኃው ውስጥ ቆሜ፣ መሪውን ይዤ፣ በአንድ ትንፋሽ አደረስሁት።

ጸጥ አለ። አንድ ወፍ እንኳ አልተናገረም። ከዚያም ከብርሃኑ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ «ይበል!» የሚል ቃል መጣ።

ልመልስ ብል ትንፋሽ አልቀረኝም። እጄ ደወሉን አገኘችውና፣ ታንኳዋ የት እንዳለች ሳላይ፣ መታሁላቸው።