ሳይጻፍ የሚመጣ ስም

ሽማግሌው ላፕቶፑን በሴት ሻርፕ ጠቅልለው፣ ደረታቸው ላይ ታቅፈው ነበር ወደ ጥገና ሱቁ የገቡት። ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፤ አንዱ ቁልፍ ግን በሌላ ቀለም ክር የተተከለ ነው፤ መርፌ ያልለመደ እጅ እንደተከለው ያስታውቃል።

«ብሮውዘሩ ላይ የተቀመጡት የይለፍ ቃሎች ድራሻቸው ጠፋ፣ ልጄ» አሉ።

ጠጋኟ ፈተሸችው። ብሮውዘሩ ራሱን ሲያድስ እንደ አዲስ ተጠቃሚ ባዶ ፕሮፋይል ከፍቶ፣ የድሮውን ጓዝ እንዳለ ጥሎት ኖሯል። መለሰችው። የኢሜይሉን ገጽ ስትከፍት የአንዲት ሴት ስም ያለበት አድራሻ በራሱ ተሞላ፤ ከሥሩም የይለፍ ቃሉ ነጥቦች ተደረደሩ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይኸው፣ አባባ! ልግባልዎት?»

«ኧረ ተይ!» ብለው እጇን መለሱት። «የባለቤቴ ነው። በሕይወት እያለች ደብዳቤዋን ከፍቼ አላውቅም፤ ዛሬ ምን ቆርጦኝ!»

ጠጋኟ ግራ ገባት። «ታዲያ ለምን ፈለጉት?»

«ጠዋት ጠዋት ይቺን ገጽ ስከፍት፣ ስሟ ሳልጽፈው ብቅ ይል ነበር።»

ሻርፑን ቀስ ብለው መልሰው ጠቀለሉበት። በሩ ጋ ደርሰው፣ ዞር ሳይሉ ጠየቁ፤

«ነገም ይመጣል፣ አይደል?»