ሰሊጥ የለበሰው ሥዕል

ሥዕል ያስተማሩኝ መምህር ከጎንደር ተዛውረው ሽንፋ ሲመጡ ሰዉ ሁሉ ለቅጣት ነው የተላኩት ይል ነበር። እሳቸው ግን ለምነው ነው የመጡት። "እዚህ ሰማዩ አያልቅም" ይሉ ነበር። ሌላው አስተማሪ ሙቀቱን ሸሽቶ ጥላ ሲፈልግ እሳቸው ሸራቸውን ተሸክመው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ክረምት ወንዙ ሞልቶ፣ ዛፍ ነቅሎ ሲያመጣ ዳር ቆመው ሲስሉ፣ ሰው እጃቸውን ጎትቶ ያወጣቸው ጊዜ አለ። ከሱዳን በኩል የሚነሳውን ቀይ አቧራ፣ መብረቁን፣ የሚነደውን ጫካ ይስሉ ነበር። በሥዕላቸው ውስጥ ሰው ካለም ከጥፍር አይበልጥም።

"ለምን ሰውን እንዲህ ያሳንሱታል?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"እኔ አላሳነስኩትም" አሉኝ። "መብረቅ ሲመጣ እኮ ሁላችንም ይኸን ነው የምናክል።"

ትምህርት ጨርሼ መተማ ላይ የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፍኩ መኖር ስጀምርም አልተለየኋቸውም፤ ፋታ ሳገኝ ሄጄ አብሬያቸው እስላለሁ። ከሥራዎቻቸው ሁሉ የሚሳሱለት ከኮኪት ወዲያ የነበረውን የዲዛ ደን የሳሉበትን ትልቅ ሸራ ነበር። ግንዳቸው በአንድ ሰው እቅፍ የማይዳረስ ዛፎች ነበሩ። ከተቆረጡ በኋላ ደኑ የቀረው እዚያ ሸራ ላይ ብቻ ነው።

ያስቆረጣቸው ሰው ትልቅ የሰሊጥ እርሻ ያለው ኢንቨስተር ነበር። ሥዕሉን አይቶ "ለእንግዳ ማረፊያዬ ያውሱኝ፣ ሰው ይይልዎት" አለ። መምህሬ የዋህ ነበሩ፤ ሰጡት።

በመኸር ሰሞን ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። ሲያባራ ሥዕሉን ልናይ አብረን ወደ እርሻው ሄድን። የማረፊያው ግድግዳ ባዶ ነው። ሥዕሉን ውጭ አገኘነው፤ የሰሊጥ ጆንያ ክምር ላይ ተዘርግቶ፣ ጠርዙ ተበስቶ በሽቦ ታስሯል። ሠራተኞቹ ረግጠውት ቀለሙ ተላልጧል።

"ምን ላድርግ መምህር፣ ሸራ አለቀብኝ" አለ ሰውዬው እየሳቀ። "ሌላ ይስሉ የለ?"

መምህሬ ክምሩ ላይ ወጡ። ሽቦውን ሲፈቱ ጣታቸው ደማ። ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልያዙም። ወባ ደጋግሞ ጣላቸው፤ ዘመዶቻቸው ወደ ጎንደር ወሰዷቸው፤ እዚያው አረፉ። ቀብራቸው ላይ አላለቀስኩም። ጆሮዬ ውስጥ የነበረው የዚያ ሰውዬ ሳቅ ነው።

ዓመታት አልፈው ሰውዬው መተማ ላይ ሆቴል ሠራ። የአዳራሹን ግድግዳ እንድስል አስጠራኝ፤ ማን እንደሆንኩ አላወቀም።

"እኔንና እርሻዬን አድርጊልኝ፤ ትልቅ ይሁን" አለኝ።

"እሺ ጋሼ፣ ትልቅ ይሆናል" አልኩት።

እስኪያልቅ ማንም እንዳያይ በመጋረጃ ጋረድኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ እያለኝ ሠርቼ አላውቅም።

በምርቃቱ ዕለት ባለሥልጣኑም ነጋዴውም ባለበት መጋረጃው ወረደ። ከጥግ እስከ ጥግ የመምህሬ ሰማይ ነበር፤ ጥቁር ደመና፣ መብረቅ፣ ከሥሩ ማለቂያ የሌለው የተቃጠለ ጉቶ።

"እኔስ የት አለሁ?" አለ።

"ታች ነዎት፣ ከጉቶው አጠገብ። ጠጋ ብለው ይዩ።"

ጎንበስ አለ። አልታየውም። በአዲሱ ሱፉ ተንበርክኮ በጣቱ ግድግዳውን እየዳሰሰ ራሱን ሲፈልግ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በመጨረሻ አገኘው፤ ሸራ ተከናንቦ ከዝናብ የሚሸሽ፣ ጉንዳን የሚያክል ሰው።

በማግስቱ በኖራ አስለቀለቀው። በኋላ ገበያ ላይ ሲያገኘኝ "ምን አድርጌሽ ነው?" አለኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ግንባሩን ቋጥሮ፣

"የትኛው መምህር?" አለ።

የምሩን ነበር። ረስቷቸዋል። ከሳቁ ይልቅ ይኼ አንገበገበኝ።

ከሆቴሉ በር ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። ግድግዳዋን ለመንኳት፤ ፈቀደችልኝ። የዲዛውን ደን ከነሰማዩ እንዳለ ሳልኩበት፤ ከሥሩ የመምህሬን ስም ከመንገድ ማዶ በሚነበብ ፊደል ጻፍኩ። ያዩት የጭነት መኪና ሹፌሮች "ያንን ሰማይ" እያሉ መኪናቸው ላይ ያስስሉኝ ጀመር፤ ዛሬ አብደራፊ ድረስ የማላውቃቸው ሰዎች ከመኪኖቹ እያዩ እንደ እሳቸው ይስላሉ። ሰውዬው በረንዳው ላይ የሚቀመጠው ወንበሩን ወደ ውስጥ አዙሮ ነው። ፀሐዩ ቀለሙን ባደበዘዘው ቁጥር ባለሻይዋ ትጠራኛለች፤ የያዝኩትን ሥራ ጥዬ እሄዳለሁ።