እንግሊዝኛ በማሽላ ማማ ላይ

ወላሂ ብዬ ብምልም አታምኑኝም። የዓመት ቀለባችንን ማሽላ ከወፍ ልጠብቅ ማማ ላይ ብወጣ፣ ልጄ ዘሀራ ደብተሯን ይዛ ተከተለችኝ። የእንግሊዝኛ ፈተና ደርሶባት ኖሮ፣ ፊደል ያልቆጠርኩትን ሰውዬ ተማሪዋ አደረገችኝ።

“አይ ሃቭ ኖት ኔቨር ኢተን!” ብዬ ጮህኩ።

“ኧረ አባባ፣ ኔቨር ካሉ ኖት አይገባም! እንደገና!”

“በጭራሽ በልቼ አላውቅም” ማለት ነው አሉ፤ ቁርሴን ስውጥ እያየችኝ! ሺህ ጊዜ አስጮኸችኝ፤ ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ። ወፉ ግን በጩኸቴ ደንግጦ ግልብጥ ብሎ የጎረቤታችን የጋሽ ይማም ማሳ ላይ ሰፈረ።

ሲጮኹ ውለው ድምፃቸው የተዘጋው ጋሽ ይማም ወንጭፋቸውን እንደያዙ እየሮጡ መጡ።

“አንተ! ልጅቷን ለእኔም ላክልኝ፤ ወፎቹ አማርኛ መስማት ትተዋል!”