መንታውና የማስነሻው ሲዲ

መንታው የሚሉት መንታ ሆኖ ስለተወለደ አይደለም። እናቱ የወለደችው እሱን አንዱን ብቻ ነው። ስሙን ያወጡለት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ናቸው፤ ነገር ሁሉ ሁለት ሁለት ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውምና። ጃንጥላው ሁለት ነው፣ አንዱ በእጁ፣ አንዱ በመሳቢያው። መነጽሩ ሁለት፣ የቤቱ ቁልፍ ሁለት፣ ቀበቶው እንኳ ሁለት ነው። ቀበቶ መንገድ ላይ ይበጠሳል ብሎ የሚሰጋ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ይሰጋል። "ሚስትህስ ስንት ናት?" ብለው ሲቀልዱበት ግን አይቀየምም። "እሷ ኦሪጅናል ናት፣ አትቀዳም" ብሎ ይመልስላቸዋል።

ጠባዩ ከየትም የመጣ አይደለም። ልጅ ሳለ ቤታቸው ተቃጠለ። ሰው አልሞተም፤ ጎረቤቱም "እንኳን ነፍሳችሁ ተረፈ" ብሎ አጽናንቶ ወደየቤቱ ገባ። አባቱ ግን እሱ በሆድ ሳለ ነበር የሞተው፣ ግድግዳው ላይ የነበረችውም የአባቱ ፎቶግራፍ አንዲት ብቻ ነበረች። እሷም ከቁም ሳጥኑና ከፍራሹ ጋር አመድ ሆነች። ዛሬ አባትህ ምን ይመስል ነበር ቢሉት የሚያስታውሰው ፎቶው ላይ ያየውን ሰፊ ኮት ነው። ከኮቱ በላይ ምንም የለም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ይተርተዋል፤ እሱ ግን ኖሮበታል።

ቤቱም ይህን ጠባዩን ለምዶ ቀልድ አድርጎታል። ብርጭቆ ሲሰበር፣ አምፖል ሲቃጠል፣ የትንሿ ልጃቸው ጫማ ሲቀደድ ሚስቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ "ሌላ አለህ አይደል?" ትለዋለች። እሱም ደረቱን ነፍቶ "ምን ጠፍቶ!" ይልና ካስቀመጠበት አውጥቶ ያመጣል። ከዚያ ሦስቱም ይስቃሉ። ብዙ የሚያስቅ ነገር ሆኖ አይደለም፤ የሚስቅ ቤት ስለነበረ ነው።

ሥራው በአንድ የመሬት ልኬታ ቢሮ ኮምፒውተሮችን መጠበቅ ነው። ካርታ የሚያነሡት ሰዎች ቀኑን ሙሉ ጭቃ ሲረግጡ ውለው የለኩትን ወደ ማሽኑ ያስገባሉ፤ እሱ ደግሞ አርብ አርብ ሁሉንም በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገለብጣል። "ቅጂ ብቻውን ግን አያድንም" ይላል፣ ለሰማውም ላልሰማውም። "ኮምፒውተሩ አልነሳም ካለ ቅጂውን ማን ያወጣልሃል? ቁልፉን ውስጥ ትቶ በር እንደ መዝጋት ነው።" ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማሽን አንዳንድ የማስነሻ ሲዲ ሠርቷል፣ ይቅርታ፣ ሁለት ሁለት። ማሽኑ በራሱ መነሳት ሲያቅተው ሲዲው ከውጭ ያስነሳዋል፤ ከዚያም ቅጂውን ከሃርድ ዲስኩ እየጎተተ ሁሉን ነገር እንደ ነበረው መልሶ ይጽፈዋል።

አንድ ክረምት መብረቅ የአለቃውን ማሽን ዝም አሰኘው። ቢሮው ለቅሶ ቤት መሰለ። መንታው ሲዲውን ይዞ ገባ፣ ከምሳ መልስ ካርታዎቹ በየቦታቸው ነበሩ። አለቃው በሰው ፊት ግንባሩን ሳመው። ከዚያ ቀን ወዲህ በሲዲዎቹ የቀለደ የለም፤ እሱም በእነሱ ላይ ያለው እምነት ልክ አጣ። አንዴ ያዳነኝ ነገር ሁልጊዜ ያድነኛል ብሎ እንደ ማመን ያለ ዕውርነት የለም። ደግሞ የሚያሳዝነው፣ ሕጉን ለሌላው የሚያስተምረው እሱ ራሱ መሆኑ ነው። "ሲዲውን ከመክተታችሁ በፊት የታመመውን ማሽን ዲስክ አውጡና ውስጡን እዩ። ይቺ ሲዲ የምትመልሰው ያለውን ደምስሳ ነው።" ይህን ሲናገር ጣቱን ይቀስር ነበር።

ሚስቱ የሕፃናት መምህርት ነበረች። ተረት ስትናገር አህያዋ አህያ ናት፣ ቀበሮዋም ቀበሮ። ድምፅዋ ሲሻክር "የልጆች ጩኸት ነው" አለች። ሲሰነብት "ጉንፋን ነው" አለች። በመጨረሻ ሐኪሙ የጉሮሮዋን ምስል መብራቱ ላይ ለጥፎ ዕጢውን በጣቱ አሳያቸው።

"ማንቁርቱ መውጣት አለበት" አለ።

"ድምፄስ?" አለችው።

"ሕይወትዎን እናተርፋለን።"

"እኔ የጠየቅኩዎት ሌላ ነበር" አለችና መልሱን ሳትጠብቅ ቦርሳዋን አነሣች።

ቤት እንደ ደረሱ እዚያው ሳሎኑ መሐል ቆማ ባሏን ተመለከተችው።

"ኦሪጅናል ናት፣ አትቀዳም ትላለህ አሉ። በል ቅዳኝ።"

ስልክ ላይ ያለ ድምፅዋን ቢፈልጉ ምንም የሚረባ አልተገኘም። የልደት ቪዲዮዎቹን ሁሉ የቀረፀችው እሷ ናት፤ ሌላው ይዘፍናል፣ እሷ ስልኩን ይዛ ዝም ትላለች። ስለዚህ መንታው ከአንድ ወዳጁ ደህና ማይክሮፎን ተውሶ መጣ። የቤቱ ኮምፒውተር ያረጀ ነው፤ ከዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ በደህና የሚሠራው አንዱ ብቻ ነበር። እዚያ ቀዳዳ ላይ ደግሞ ዘወትር የማይነቀለው የቅጂው ሃርድ ዲስክ አለ፤ አርብ በመጣ ቁጥር ማንም ሳይነካው ራሱ ይገለብጣል። መንታው ዲስኩን ነቀለ፣ እንዳይቧጨር በፎጣ ጠቀለለ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠ፣ በቦታውም ማይክሮፎኑን ሰካ። ቀረጻው ሲያልቅ እመልሰዋለሁ ብሎ ነበር።

መኝታ ቤቱ መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ሰቀሉና ጀመሩ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ከመመለሷ በፊት እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትናገራለች፣ እሱ ይቀርፃል። ተረቶቹን ሁሉ ተረከች። ልጅቷን በስሟ ጠራቻት፣ በቁልምጫዋም ጠራቻት። ለመጀመሪያ ሥራዋ፣ ለሠርጓ፣ ለመጀመሪያ ልጇ የሚሆን ነገር ተናገረች። ከዚያም "ቁጣዬንም ቅዳ" አለችው። "ቁጣ የሌላት እናት ምን ታደርግላታለች?" ጉሮሮዋን ጠርጋ "ጫማሽን አውልቀሽ ግቢ ብዬሻለሁ!" ስትል መንታው ራሱ እግሩን ሰበሰበ። ሳቋም አብሮ ተቀረፀ። አንዳንድ ቀን ድምፅዋ መሐል ላይ እምቢ ይላታል፤ ያኔ ውሃ ትጠጣለች፣ እሱም ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ ያዞራል።

"ሌላ ቦታስ አታስቀምጠውም?" አለችው አንድ ቀን።

"አርብ አርብ ራሱ ይገለብጠዋል። አንቺ ስለ እሱ አታስቢ" አላት።

ይህን ሲል ዲስኩ ከራሱ በላይ ቁም ሳጥኑ ላይ ተኝቶ ነበር። መዋሸቱ አልነበረም። የለመደ አፍ ነው የመለሰላት።

ቀረጻው ገና ሳያልቅ ሆስፒታሉ ደወለ። አልጋ ተገኝቷል፣ ነገ ጠዋት ግቡ ተባሉ። በጥድፊያው ማይክሮፎኑ እንደ ተሰካ ቀረ። ልጅቷን የእናቷ እኅት ልትጠብቃት መጣች።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ ተባለ። ሚስቱ ስትነቃ አንገቷ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ቀዳዳ ነበር፤ በእጇም ጽፋ የምታጠፋባት ትንሽ ሰሌዳ ሰጧት። መጀመሪያ የጻፈችው ስለ ሕመሟ አይደለም። "ልጅቷ ትተኛለች?" ብላ ጻፈች። አልዋሻትም፤ አክስቷ የምትነግራት ተረት አልጥም ብሏት ስታለቅስ ነው የምታነጋው አላት። "በል አሰማት" ብላ ጻፈች። እሑድ ከሰዓት አሰማታለሁ ብሎ ቃል ገባ።

እሑድ ኮምፒውተሩን ቢከፍተው አልነሳም። ያን ሰሞን መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነበር የሰነበተው። ጥቁር ማያ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። ልጅቷ ልታለቅስ ቃጣት።

"አይዞሽ!" አላት። "አባትሽ ማን መሰለሽ? መንታው እኮ ነው!"

ደስ ብሎት ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ ሁሉ ሰሞን እጁ የሚያውቀው አንድ ነገር መጣለታ! ለቤቱም ኮምፒውተር ሠርቶ ያስቀመጠውን የማስነሻ ሲዲ ከመሳቢያ አወጣ። ወንበር ላይ ወጥቶ ሃርድ ዲስኩን ከቁም ሳጥኑ አወረደ፣ ፎጣውን ፈታ። ፎጣውን ማን ጠቀለለው፣ ዲስኩስ እዚያ ላይ ምን ይሠራል ብሎ አልጠየቀም። ዲስኩን የሚሰካበት ቀዳዳ ቢያጣ ማይክሮፎኑን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ይኼኔ እንኳ እጁ ለልቡ አልነገረውም። ቢሮ ቢሆን የሌላ ሰው ማሽን ነውና መጀመሪያ ውስጡን እንይ ይል ነበር። ይህ ግን የገዛ ቤቱ ነው፣ የገዛ ቅጂው ነው፣ ልጁም አጠገቡ ቆማ እየጠበቀች ነው።

ሲዲው ማሽኑን አስነሳው። የመጨረሻው ቅጂ የሚለውን ከነቀኑ አሳየው፤ የመጨረሻው ከሆነ ቀኑን ማንበብ ምን ያደርጋል? ቀጥሎ ጥያቄው መጣ፦ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ይቀጥል?

"ማን ይጫነው?" አላት፣ እንድትስቅለት ብሎ።

"እኔ! እኔ!"

ጣቷን ይዞ አዎ የሚለው ላይ አስቀመጠላትና ተጫነችው።

ሥራው ሲያልቅ ማሽኑ እንደ ጤነኛ ተነሳ። ሁሉም በየቦታው ነበር። ሚስቱ ለሕፃናቱ የዓመቱ መዝጊያ ጀምራ ያልጨረሰችው የጨዋታ ጽሑፍ ነበር፤ እሱን ስትጽፍ ድምፅዋ ገና መሻከሩ ነበር። የቀረጻው ፎልደር ግን የለም። ሌላ ቦታ ፈለገ፣ የለም። ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ባለው ማይክሮፎን ላይ አረፈ፣ ከዚያ ወደ ገመዱ ጫፍ፣ ከዚያ አሁን ዲስኩ ወደ ተሰካበት ቀዳዳ ሄደ። ያኔ ገባው። ማይክሮፎኑ ከተሰካበት ቀን ጀምሮ ያ ዲስክ አንድም አርብ አልገለበጠም። ሲዲው አልተሳሳተም። የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ማሽኑን ከሕመሙ በፊት ወደ ነበረበት ቀን መልሶታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ?

"አባዬ፣ የእማዬ ድምፅ የታለ?"

"ይመጣል" አላት። "ገና እየጫነ ነው።"

በማግሥቱ የኮምፒውተሩን የውስጥ ዲስክ ፈትቶ፣ እሱ ራሱ ሙያ ወዳስተማረው ልጅ ይዞት ሄደ። ልጁ ዛሬ የራሱ ሱቅ ያለው የኮምፒውተር ጠጋኝ ሆኗል። ጠጋኙ ዲስኩን ሰክቶ ብዙ ደከመ። በመጨረሻ መነጽሩን አወለቀ።

"ጋሼ፣ በቀረጻው ላይ ሌላ ተጽፎበታል፣ አይመለስም" አለ። "የተበላሸው መነሻው ብቻ ነበር፣ ውስጡ ጤነኛ ነበር። ዝም ብለው አውጥተው ቢያመጡልኝ ኖሮ... መጀመሪያ ውስጡን እዩ ያሉን እርስዎ አይደሉ እንዴ?"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። መንታው አመስግኖ ወጣ። ዝናብ ነበር፤ ሁለቱንም ጃንጥላ ይዞ ሳይዘረጋ በዝናቡ ሄደ።

ሆስፒታል ሲደርስ ሚስቱ ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን ተበጥራ፣ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ገና በሩ ላይ ሳለ ሰሌዳዋን አነሣች። "አሰማሃት? አህያዋን ወደደችው?" ይላል።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስለ ቀዳዳው፣ ስለ ፎጣው፣ ስለ ቁም ሳጥኑ፣ ስለ ሲዲው ነገራት። አንዲት ነገር ብቻ ደበቀ። አዎ የሚለውን የተጫንኩት እኔ ነኝ አላት፤ ይህችን እስከሚሞት ድረስ ለማንም እንደማይናገራት እዚያው ወሰነ።

ሚስቱ ፈገግ አለች። ነገሩ ቀልድ መስሏት ነው፤ የዚህ ሰው ነገር መቼ ሳይገኝ ቀርቶ ያውቃል? ሰሌዳዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ቀስ ብላ ጻፈችና አዞረችለት።

"ሌላ አለህ አይደል?"

"የለም" አላት። "ሌላ የለኝም።"

ዓይን ዓይኑን አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋም መንቀጥቀጥ ጀመረ። መንታው የሳቀች መሰለው። ከባድ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የምትስቀው እሷ ናት፣ ሁልጊዜም እንዲያ ነበረች። ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ የተነሳለት መሰለው፣ ሳቅ ሳቅ አለው፣ አልቻለም፣ ከልቡ ሳቀ። እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ "አየሽ የኔን ነገር" ሊላት ጎንበስ ሲል ፊቷን መስኮቱ መስታወት ላይ አየው።

አፏን በሰፊው ከፍታ፣ ባላት አቅም ሁሉ ትጮህ ነበር።