የጦይባ አርብ

በረመዳን፣ ማምሻውን ሸዋ ሮቢት አስፋልት ዳር ሳምቡሳ መጠበስ ሲጀምር የጋለው ዘይት ሽታ አጥሬን አልፎ ይገባል። የልጅ ልጆቼ አያታችን ዘይት አይስማማትም እያሉ መስኮቱን ይዘጉልኛል። እኔም እውነተኛውን ምክንያት ነግሬያቸው አላውቅም። ዘንድሮ ግን ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ጅቡቲ በሰው ቤት አገለግል ነበር። ስድስት የይፋት ልጆች ነበርን፤ ከቀወት፣ ከጀውሃ፣ ከካራቆሬ የሄድን፣ ግማሻችን ሙስሊም ግማሻችን ክርስቲያን፣ በወር አንድ አርብ ብቻ ከሥራ የምንፈታ። በዚያች ቀን ባሕሩ ዳርቻ ተሰብስበን አሸዋው ላይ ሻሽ ዘርግተን እንበላለን፤ ከዚያ ቀሚሳችንን ወገባችን ላይ ሸጉጠን፣ ከወደብ የተጣለ ወፍራም ገመድ ይዘን ሦስት ለሦስት እንጓተታለን፤ የተሸነፈው ወገን እስከ ጉልበቱ ጨው ውሃ ውስጥ ይገባል። የቆላ ልጆች ነንና ሙቀቱ አልከበደንም። ወሩን ሙሉ «እሺ ማዳም» ብቻ ስንል ስለምንከርም፣ ያን ቀን እስኪደክመን ድረስ በአማርኛ እንሰዳደብ ነበር።

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሥጋ አይመጣም፤ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ አንድ ላይ አይቀርብም፣ አርብም ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ጾም ነው። በየወሩ ደግሞ ሁለት ተረኞች ለስድስታችንም ሠርተው ያመጣሉ። ብቅ ስል «ዳኛዋ መጣች፣ አፋችሁን ጥረጉ» ይሉኛል፤ እኔም በልቤ ደስ ይለኛል።

አንድ ወር ተራው የእኔና የጦይባ ሆነ። ጦይባ የጀውሃ ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ገመድ ስትጎትት በተረከዟ አሸዋውን የምታርስ። እኔ ማዳም ሳትነሳ ሩዜን ቀቅዬ በድስት ተሸክሜ መጣሁ። የምስር ሳምቡሳ የምታመጣው እሷ ነበረች፤ አርፍዳ፣ ባዶ እጇን ደረሰች። ግራ እጇን በሻርፕ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ምን ሆነሽ አላልኳትም፤ የታየኝ የቀረው ሳምቡሳ ብቻ ነው። ገመዱን ስናነሳ ቀስ ብላ ዛሬ አልጎትትም ስትል ጭራሽ ነደደኝ። ሩዙን ለአምስት ሰው አካፈልኩና፣

«ያላመጣች አትበላም። ለአንቺ ሲባል ሕግ አይታጠፍም» አልኳት።

የካራቆሬዋ አስካለ ከድርሻዋ ልታጎርሳት እጇን ብትዘረጋ እሷንም ተቆጣሁ። ጦይባ አልተከራከረችኝም።

«እውነትሽን ነው እህቴ፣ ተራዬ ነበር» አለችና ጫማዋን አንስታ በመጣችበት ተመለሰች።

በላን፣ ጎተትን። አምስት ስለቀረን ግን ጨዋታው ሦስት ለሁለት ሆነ፤ እኔ ከሦስቱ ወገን ነበርኩ። ሁለቱን ጎትተን ባሕር ስናስገባቸው የሳቀ ሰው አልነበረም።

በሚቀጥለው ወር ጦይባ አልመጣችም። ነገሩን የነገረችን አስካለ ናት፤ የምትሠራው ከጦይባ አሠሪ ቤት አጠገብ ነበርና። ጦይባ ያን አርብ ሊነጋጋ ሲል ለእኛ ሳምቡሳ ስትጠብስ ዘይቱ እጇ ላይ ተገልብጦ ነበር። አሠሪዋ ዘይቴን ጨረስሽ ብላ የተጠበሰውን ሁሉ ቆሻሻ ላይ ደፋችባት። ጦይባም በዚያ በተላጠ እጇ ተኝታ ከመዋል እኛን ማየት ይሻለኛል ብላ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጣች። በሳምንቱ፣ ልብስ ማጠብ ሲያቅታት፣ አሰናበቷት። በጀልባ ወደ የመን ተሻገረች ተባለ።

አገሬ እንደገባሁ ጀውሃ ወረድኩ፣ እናቷን ይቅርታ ልጠይቅ። ከጅቡቲ የመጣሁ መሆኔን ስነግራቸው እጄን ይዘው አስቀመጡኝና፣

«ጦይባ በሰው መልእክት ልካልኝ ነበር» አሉኝ። «እማ አታስቢ፣ እዚህ ከማንም እንዳላንስ ተራዬን የምትጠብቅልኝ እህት አለችኝ ብላ። አንቺ ነሽ አይደል፣ ልጄ?»

አዎ አልኩ። የመጣሁበትን ይቅርታ ሳልጠይቅ ያቀረቡልኝን በላሁ፤ መርቀውኝ ተነሳሁ።

እሳቸውም አለፉ። ጦይባን አየሁ የሚል ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ሩዙን ከከለከልኳት አርብ በፊት በነበረው ወር ስድስታችንም ሙሉ ነበርን፤ ጠግበን በልተናል፣ ሦስት ለሦስት ሆነን ገመድ ጎትተናል። የትኛው ወገን እንዳሸነፈ ብዙ ጊዜ ላስታውስ እሞክራለሁ፤ አይመጣልኝም።