የሳሙናው ሊቀመንበር

ሰፈሩ «ሊቀመንበሩ» ይለዋል፤ እሱም አቤት ይላል። ጡረታ እስኪወጣ የጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው ቃል ሲተይብ ኖሮ፣ በስተርጅና የውጭ አገር ሰዎች መጥተው የአንድ ትልቅ የሳሙና ኩባንያ የበላይ አደረጉት። ሹመት መስሎት ደረቱን ነፋ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ሰው አላገኘም፤ ቢያገኝም አይሰማም።

ግዛቱ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ያለች፣ ሁለት ጠረጴዛና አንድ ስልክ ያላት ክፍል ናት። ሳሙና እዚያ ተሠርቶም ተሽጦም አያውቅም፤ መታጠቢያው እንኳ ውሃ የለውም። ግን የሳሙናው ስም ባለቤት ይህች ክፍል ናት ተብሎ፣ ጎረቤት አገር ያለው ፋብሪካ «የስም ኪራይ» እያለ ትርፉን ሁሉ ወደዚህ ይልካል። እዚያ ከሰርኩ ይልና ግብር አይከፍልም፤ እዚህ ደግሞ እንዲህ ላለው ገቢ ግብር የሚባል ነገር የለም። ሌብነት እንዳይባል ሕግ ወጥቶለታል። የሊቀመንበሩ ሥራ ፈርም የተባለበት ላይ መፈረም ነው። አያነብም፤ ማንበብ አለቆቹን መጠርጠር ይመስለዋል።

ታላቅ ወንድሙ ጉልበቱን የጨረሰው በዚያው ፋብሪካ ሳሙና ሲያፈላ ነው። ባለፈው ዓመት ከስረናል ብለው ግማሹን ፋብሪካ ሲዘጉ እሱንም አሰናበቱት፤ ጓዙን ይዞ ታናሹ ቤት ገባ። ሊቀመንበሩ ከልቡ አዘነለት። በማን ፊርማ እንደተዘጋ ግን አልጠየቀም።

አንድ ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚደውለው ጎረምሳ አስጠነቀቀው።

«የፋብሪካው አገር የግብር መርማሪ ትመጣለች። ውሳኔ የሚሰጠው አንተ ቢሮ አይደለም ካለች ትርፉ ላይ ግብር ይጥሉብናል፤ ያንተም ወንበር አብሮ ይሄዳል። የጠየቀችህን ሁሉ እኔ ነኝ የወሰንኩት በል። ክፍሉም ባዶ እንዳይሆን።»

ሰው ከየት ይምጣ? ለወንድሙ ከረባት አስሮለት ሁለተኛው ጠረጴዛ ጋ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ አንተ ዝም ብለህ ሥራ ምሰል» አለው።

መርማሪዋ መጣች። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና ተቀመጠች።

«ፋብሪካው በግማሽ እንዲዘጋ የወሰነው ማነው?»

ሊቀመንበሩ በዓይኑ ጫፍ ወንድሙን አየው። «ፈርም ብለውኝ ፈረምኩ» ቢል እውነቱም ይኸው ነበር፤ ወንድሙም ይቅር ይለው ነበር። ግን እንደገና ተራ ጡረተኛ መሆንን እንደ ሞት ፈራው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ወንድሙ ቀና አለ። «ምን አልክ?»

«ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነን።»

«በእናታችን ይሁንብህ፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ አልኩ እኮ!»

ወንድሙ ከረባቱን ፈታና ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ጓዜን ይዤ እወጣለሁ። ስትመጣ አታገኘኝም» ብሎ በሩን ከኋላው ዘጋ። መርማሪዋ ጥቂት ጻፈች፣ አመስግናው ሄደች።

ስልኩ ጮኸ። ሊቀመንበሩ እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ አነሳው።

«ጎበዝ፣ እንዴት ነበር?» አለ ጎረምሳው።

«እንዳሉኝ ነው የመለስኩት ጌታዬ። አሁን... አንዴ ቤት ደርሼ ብመጣስ? ወንድሜ ሊሄድብኝ ነው።»

«አይሆንም። ልትመለስ ትችላለች፤ እስኪመሽ ከዚያ እንዳትነሳ።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ሊቀመንበሩ፣ ተመልሶም ተቀመጠ።